የእርጎው ምስጋና ለማን ይድረስ?

በእኛ አገር ምግብ ሲጣፍጥ የሚመሰገነው እጅ ነው። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እንላለን። ምግቡ ሲበላሽ ግን እጅን የሚወቅስ የለም፤ ወይ በርበሬው አዲስ ነበር፣ ወይ መብራት ሄዶ ነበር፣ ወይ ሽንኩርቱ ውሃ በዝቶበት ነበር። ለወጥ ይሁን። ወጥ የሠራች ሴት ቢያንስ ሽንኩርት ስትከትፍ አልቅሳለች፣ ጭስ ዓይኗን ወግቷታል፣ ወገቧን ይዛ ቆማ አማስላለች። ምስጋናው ይገባታል።

ግራ የሚያጋባው እርጎ ነው። እርጎው ጣፍጦ ሲገኝ ምርቃት የምናዘንብላት ሴት ምን አደረገች? ወተቱን ቅል ውስጥ ጨመረች፣ ከደነች፣ ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ የተሠራው እሷ በሌለችበት ነው፤ ግማሹማ እሷ እንቅልፏን ስትለጥጥ ነው። የእርጎ ዋና ደንቡም «አትነካኩት» የሚል ነው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዲህ እንደ ሙያ የሚቆጠርበት የማዕድ ቤት ሥራ ብዙ አይደለም።

ይህ ጥያቄ በአንድ የፋሲካ ማግስት ዘመድ ቤት ተነሥቶ ነበር። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሆድ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ዶሮው ገብቷል፣ ክትፎው ገብቷል፤ ሁሉም ቀበቶውን አላልቶ «በቃኝ፣ በሞቴ እንዳትጨምሩብኝ» እያለ ሳለ የቤቱ እመቤት እርጎ በብርጭቆ ይዛ ብቅ አለች። ወፍራም ነው፤ ብርጭቆው ዘንበል ሲል ሊፈስ ይልና ሐሳቡን ለውጦ ይቆማል። መጀመሪያ የወይራ ጭስ፣ ቀጥሎ የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫ ይደርሳል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል። «በቃኝ» ያለ ሁሉ ብርጭቆውን ባዶ አደረገ።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ።

«ላሚቱ ናት!» አሉ የቤቱ ጋሼ። ላሚቱን የገዟት እሳቸው ናቸው። «የፈረንጅ ላም ብዛት እንጂ ጣዕም የላትም። ይቺ ግን አበሻ ናት።»

«የለም፣ ሣሩ ነው» አሉ ከሰላሌ የመጡት አጎት። ሰላሌ ያልበቀለ ሣር ለእሳቸው ገለባ ነው።

«ሣር ብቻውን ምን ይፈይዳል? ወይራው ነው እንጂ!» አሉ እትዬ፤ የወይራውን ፍልጥ ከገጠር ያስመጡት እሳቸው መሆናቸውን ማንም እንዳይዘነጋ በየተራ እያዩን።

እመቤቲቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ብርጭቆ እየሰበሰበች፣ ምርቃትም እየሰበሰበች ትዞራለች።

ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ የነበረች የምግብ ሳይንስ ተማሪ የሆነች የእህት ልጅ ቀና ብላ «ባክቴሪያ ነው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ብርጭቆአቸውን ወደ መስኮቱ አንሥተው አተኩረው አዩት። «ልጄ» አሉ እትዬ፣ «እባክሽ በዓመት በዓል ቀን በሽታ አትጥሪብን።»

ልጅቷ እውነቷን ነበር። እንዲያውም ሁሉም የየራሱ እውነት ነበረው፤ ጭቅጭቁ የድርሻ ጭቅጭቅ ነው። ድርሻውን በየተራ እንየው።

ላሚቱ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ናት። ወተቷ ውስጥ ከመቶው አምስት እጅ የሚጠጋ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ቅባት አለ፣ ፕሮቲን አለ፤ በሊትር ሁለት ግራም የማይሞላ ሲትሬት የሚባል ነገርም አለ። ይህን ሲትሬት ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል። ጋሼ የተናገሩትም ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ የአገራችን ላም ወተት መጠኑ ቢያንስም ቅባቱ ከፈረንጇ ይበልጣል። ሣሩም ሽታውን ወተቱ ውስጥ ማስገባቱ አይካድም። ይሁንና ላሚቱና ሣሩ ተባብረው የሰጡን ወተት ነው። ወተት ደግሞ የዋህ ነገር ነው፤ ጣፈጥ ይላል፣ ለስለስ ይላል፣ ሕፃን ያሳድጋል። ቤት አያውድም።

«ታዲያ ሲኮመጥጥ እርጎ ይሆናላ!» የሚል ካለ ወተት ላይ ሎሚ ይጭመቅበት። ይኮመጥጣል፣ ይቋጠራልም። ለእንግዳ ግን አይቀርብም። እርጎን እርጎ የሚያደርገው ከኮምጣጣነት ያለፈ ነገር ነው ማለት ነው። የልጅቷ ባክቴሪያዎች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው።

ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወተት ውስጥ ሲገቡ ለእኛ ምላስ ብለው አይደለም። የሚፈልጉት ጉልበት ነው። ላክቶሱን ለሁለት ይሰብሩታል፣ የተገኘውን ግሉኮስ ደረጃ በደረጃ ይቆራርሱታል። ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፋቸው ኤቲፒ የሚባለው የሴል ጉልበት ሁለት ብቻ ነው፤ ለዚህች ምንዳ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚለፉት። ከሥራው የሚቀረውን ፓይሩቬት የሚባል ቅሪት ወደ ላክቲክ አሲድ ለውጠው ወደ ውጭ ይጥሉታል፤ ካልጣሉት ሥራው አይቀጥልም። እየጣሉ በሄዱ ቁጥር 6.6 ገደማ የነበረው የወተቱ ፒኤች ይወርዳል። 4.6 አካባቢ ሲደርስ ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን መንሳፈፉን ትቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ወተቱ ረጋ እንላለን። ነገሩን ፍርጥ አድርገን ስናየው፣ «እሰይ!» እያልን የምንጎነጨው ኮምጣጣነት ባክቴሪያዎቹ ከደጃፋቸው የደፉት ጥራጊ ነው። ይህን ለእትዬ ማን ይንገራቸው!

ጥራጊው ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። የለጋ ቅቤውን ሽታ የሚሰጠው ዳይአሴቲል ይባላል፤ ምንጩም ልብ በሉልኝ ያልኩት ሲትሬት ነው። ሲትሬት መብላት የሚችሉት ሁሉም አይደሉም፤ ሉኮኖስቶክ የሚባሉትና ከላክቶኮከስ ላክቲስ ወገን አንዳንዶቹ ናቸው። እነዚህ ሲትሬቱን ሲፈጩት ፓይሩቬት ይበዛባቸዋል። ከትርፉ ከፊሉን አልፋ አሴቶላክቴት ወደሚባል ነገር አዙረው ከሴላቸው ያስወጡታል። ይህ የወጣው ነገር ኦክስጅን ሲያገኝ፣ ማንም ሳይነካው፣ በገዛ ራሱ ተሰብሮ ዳይአሴቲል ይሆናል።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል። «ባክቴሪያ ነው» ያለችውም ልጅ ምስጋናውን ጠቅልላ መውሰድ አትችልም። አፍንጫን የምትማርከውን የመጨረሻዋን እርምጃ ባክቴሪያውም አልሠራትም። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ግን ሠሪ የሌለው ሥራ ገጠመን።

ይባስ ብሎ ባክቴሪያዎቹ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። ዳይአሴቲሉን መልሰው ወስደው አሴቶይን ወደሚባል ነገር ይቀይሩታል፤ የአሴቶይን ሽታ ከዳይአሴቲሉ ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። መጀመሪያም የነበረው በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ነው። ስለዚህ የቅቤው ሽታ የሚመጣበት ሰዓት አለው፣ የሚሄድበትም ሰዓት አለው። ትናንት ማታ ጎረቤት የጠራ እርጎ ዛሬ ማምሻውን ኮምጣጣ ብቻ ሆኖ ቢገኝ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። ቡዳ በላው ብላችሁ ጎረቤት እንዳታሙ።

ያ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው ነገርስ? እሱም የሉኮኖስቶክ ወገን ሥራ ነው። እነዚህ ስኳሩን ሲሰብሩ ላክቲክ አሲድ ብቻ አይወጣቸውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጥቂት አልኮልና ጥቂት የኮምጣጤ አሲድ ይጨምሩበታል። ቆንጣጩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። አልኮሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና የእርጎ ሰካራም እስካሁን አልታየም።

ባክቴሪያ አይጾምም። ላሚቱም አትጾምም። በአቢይ ጾም ከተማው ወተት ሲያቆም ወተቱ ግን ይታለባል፤ መሄጃው ታዲያ ቅሉና መናጫው ነው። የእኛ ባህላዊ ቅቤ የሚናጠው ከእርጎ ስለሆነ የእርጎው ሽታ ቅቤው ውስጥ ይገባል። የሸኖ ለጋ ቅቤ ገበያ ላይ ሲሸተት አፍንጫ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የተረፈው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ሞቆ አይብ ይሆናል፤ ውሃው አጓት ይሆናል። አንዲት ጠብታ እንኳ አትባክንም፤ ቅቤውም ለፋሲካ ይደርሳል። የውጭ ፋብሪካዎች ደግሞ ማርጋሪን ቅቤ ቅቤ እንዲል ዳይአሴቲል ይጨምሩበት ነበር፤ ከዘይት የተሠራ ነገር አፍንጫን አታሎ የጾመኛውን ልብ ማጠራጠሩ ከዚህ የመጣ ነው። ቢራ ጠማቂ ግን ይኸው ሽታ ቢራው ውስጥ ከተገኘበት አንገቱን ይደፋል። አንዱን ያስከበረ ሌላውን ሲያዋርድ እንዲህ ነው።

«የሱፐርማርኬቱ ዮገርት ታዲያ ለምን እንደ ቤቱ እርጎ አይሸትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሠራተኞቹ ሌሎች ስለሆኑ ነው። ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል ወጣት ቡልጋሪያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ጄኔቫ ላይ የአገሩን እርጎ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በትር መሳይ ባክቴሪያ አገኘ፤ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስ ከሚባል ባልደረባው ጋር በወንፈል ይሠራል። ቡልጋሪከስ የወተቱን ፕሮቲን ቆራርጦ ለባልደረባው ያቀብላል፤ ባልደረባው በበኩሉ ፎርሚክ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልስለታል። አንዱ ያለ ሌላው ይሠራል፣ ግን ያዘግማል። ሁለቱም ሙቀት ወዳዶች ናቸው፤ 42 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኙ በጥቂት ሰዓት ወተቱን ያረጉታል።

የእነሱ መለያ ሽታ አሴታልዲሃይድ ነው። አረንጓዴ ፖም ፖም ይሸታል። ቡልጋሪከስ ትሪዮኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ሰብሮ ያወጣዋል፤ ጥሩ ዮገርት ውስጥ በኪሎ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ገደማ ይገኛል። ይኸው አሴታልዲሃይድ ሰው አረቄ ሲጠጣ ጉበቱ ውስጥ በብዛት የሚፈጠረው ነው፤ ፊቱን ቀይ፣ ሆዱን ዝብርቅርቅ ከሚያደርጉት አንዱ። ዮገርቱ ውስጥ ያለው ግን ኢምንት ስለሆነ ማንም ለባለቤቱ «ዮገርት በልቼ ነው ያመሸሁት» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።

የግሪጎሮቭን ግኝት ዓለም አቀፍ ወሬ ያደረገው ፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በበሽታ መከላከል ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሰው ነው። የቡልጋሪያ ገበሬ ዕድሜው የሚረዝመው በእርጎ ነው ብሎ አስተማረ፤ ራሱም በየቀኑ ይጠጣ ነበር። በ71 ዓመቱ ዐረፈ። ለዘመኑ መጥፎ አይደለም፤ የማቱሳላ ግን አይደለም።

የእኛ እርጎ እንዲህ ያለ የተቆጠረ ሠራተኛ የለውም። በቤት ሙቀት፣ በራሱ ጊዜ፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ወስዶ ነው የሚረጋው። ሙቀት ወዳዶቹ ሲያንቀላፉ እነላክቶኮከስና እነሉኮኖስቶክ ዕድል ያገኛሉ። ሌላም ሌላም ዓይነት ከቅሉ ቀዳዳ፣ ከማለቢያው፣ ከአየሩ ይገባል። ቅል በሳሙና ቢታጠብም የትናንቱ ሕዝብ ከስንጥቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ቦረናዎች ኢቲቱ የሚሉትን የረጋ ወተታቸውን የሚያኖሩበት ጎርፋ የተሰኘ የተጠለፈ ዕቃም እንዲሁ ነዋሪ አለው። የአንዱ ቤት እርጎ ከሌላው የሚለየው ለዚህ ነው፤ ላሚቱ አንድ ብትሆን እንኳ።

ነዋሪ ሲበዛ ደግሞ ክፉም አብሮ ይገባል። የእትዬ ወይራ ተራው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ጭሱ ሽታ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ በውስጡ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውህዶች ብዙ ተሕዋስያንን ያዳክማሉ። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የዕቃ መታጠንና የሙቀት መጠን በእርጎ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ መርምረዋል፤ እናቶቻችን በልማድ ያደርጉት የነበረው ነገር ቤተ ሙከራ ለመግባት የበቃ ነው ማለት ነው። የፕላስቲክ ጀሪካን ግን አይታጠንም። ጀሪካን በወይራ ልጠን ያለ ሰው ጀሪካኑንም ወተቱንም ያጣል።

እንግዲህ ፍርዱን እንስጥ። ለላሚቱ የጥሬ ዕቃውን፣ ለሣሩ የመጠነኛውን፣ ለወይራው የጥበቃውንና የጭሱን፣ ለባክቴሪያዎቹ የኮምጣጣውንና የሽታውን አብዛኛውን ድርሻ እንስጥ። ለኦክስጅንም ትንሽ። ታዲያ ለእመቤቲቱ ምን ቀረ?

ብዙ ቀረ። ቅሉን አጥባ፣ ፍሙ ላይ የወይራ ስንጥር ጥላ፣ ጭሱ ቅሉን ሞልቶ እስኪወጣ አፉን ደፍታ የያዘችው እሷ ናት፤ በዚያ ጭስ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚወጣ ወሰነች። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቅሉን ወደ ምድጃው ያስጠጋችው፣ ቀኑ ሲሞቅ ያራቀችው እሷ ናት፤ በዚያም ማን ቀድሞ እንደሚሠራ ወሰነች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክዳኑን ከፍታ አንድ ጊዜ አሽትታ «ደርሷል» ያለችው እሷ ናት። ዳይአሴቲሉ ወጥቶ ገና ሳይመለስ፣ አሲዱ ደርሶ ገና ሳይበዛ፣ ያቺን ጠባብ ሰዓት የያዘችው በአፍንጫዋ ነው። ኬሚስት ለዚህ መሣሪያ ያስፈልገዋል። እሷ ሠሪ አይደለችም፤ አሠሪ ናት። ማሠራት ደግሞ ከመሥራት እንደሚከብድ ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቃል።

ይህን የማሠራት ጥበብ ባሕር ማዶ ይዘው የሄዱ ወገኖቻችን መጀመሪያ የሚገጥማቸው ችግር የሠራተኛ እጦት ነው። የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ወተት ፓስቸራይዝድ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት ያለፈ፣ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ቢውል ቢያድር እርጎ አይሆንም፤ መራራ ሆኖ ይበላሻል። ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹ በሙቀቱ ስላለቁ ሜዳው የሚቀረው ሙቀት ለሚቋቋሙ ሌሎች ነው። መላው እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። «በተርሚልክ» ተብሎ የሚሸጠው ኮምጣጣ ወተት በአብዛኛው የሚሠራው በላክቶኮከስና በሉኮኖስቶክ ነው፤ ማለትም የቅቤውን ሽታ በሚሰጡት በእነዚያው። ሐበሻ በእሱ አይብ ማውጣቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ አፍንጫው ዘመዱን አውቆ ነው። ለእርጎም ቢሆን ወተት ውስጥ ጥቂት ጠብ ማድረግ ይበቃል።

አገር ቤት ላለነውም አንድ ምክር አለኝ። ጥሬ ወተት የብሩሴላንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ የእርጎው አሲድ ደግሞ ሁሉንም አይገድልም፣ ጭሱም አይገድልም። ስለዚህ ወተቱን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ በፈላ ወተት ከተሠራ ጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ እርሾ ጨምሩበት፤ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ክደኑት። መፍላቱ የድሮውን ሠራተኛ ያባርራል፣ ማንኪያው ይመልሰዋል። ሲደርስም ለነገ እንግዳ ብላችሁ አታቆዩት፤ ሽታው እንግዳ አይጠብቅም።

ጎረቤት እርሾ ብትለምናችሁ ደግሞ አትሰስቱ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ዮገርት በአንድ ግራም ውስጥ ቢያንስ 10 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል። በዚህ ስሌት አንዲት የሾርባ ማንኪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ ትይዛለች፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ዋስ። ይህን ያህል ሰው ልካ የማትደኸይ ጎረቤት ከእርጎ ባለቤት በቀር የለችም።